የአባቴ ባሕር ዛፍና የካፒቴኑ አልጋ

ሰው ችግኝ ሲተክል የሚያየው ችግኙን ብቻ ነው። በእጁ ያለችው ነገር ከስንደዶ የማትወፍር፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አጎንብሳ እጅ የምትነሣ ምስኪን ናት። እቺን ከቤት አርቆ መትከል ጭካኔ ይመስለዋል። ስለዚህ ከግድግዳ ሥር፣ ዓይን ከሚያያት፣ እጅ ከሚደርስባት ቦታ ይተክላትና ልጅ እንዳሳደገ ይቆጥረዋል። ልጅስ ሲያድግ ጎጆ ይወጣል። ዛፍ የት ይሄዳል? እዚያው ሆኖ ይወፍራል እንጂ። ከላይ ያለው ቅርንጫፍ ጥላ ሲሰጣችሁ እናንተ ታመሰግናላችሁ፤ ከታች ያለው ሥር ግን ማንንም ሳያስፈቅድ መሠረታችሁን እየፈለፈለ ነው።

የዛፍ ጠላት እንዳትሉኝ። ዛፍ የሚጠላ ሰው ደብረ ታቦር ላይ ምን ሊሠራ ይኖራል? የጉና ነፋስ ተንደርድሮ ሲመጣ የሚመክት ነገር መኖሩን እኔም እወዳለሁ። በሰው ግቢ ያለ ዛፍ ሲሆን ደግሞ አብልጬ እወዳለሁ። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ለጥላ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ግድግዳህን ልደግፍልህ ብሎ የመጣ እንግዳ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።

የኔን ጉድ ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጉልማስነታቸው አንድ ትልቅ ሰው ተከትለው ሸዋ ሄደው ነበር። ሌላው ሰው ከሸዋ ሲመለስ ጠመንጃ አንግቶ፣ ካልሆነም ጥሩ በቅሎ ስቦ ይመለሳል። አባቴ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይዘው መጡ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ዓባይ በረሃን ሲሻገሩ ለራሳቸው ከሚጠጡት ውኃ እያካፈሉ አመጡት። እናቴ ለኔስ ምን አመጣህልኝ ብላ ብትጠይቃቸው ችግኙን አሳዩዋት ይባላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሸዋ ጠይቃቸው አታውቅም።

ያኔ በሰፈራችን ባሕር ዛፍ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የት ይተከል በሚለው ላይ አባቴ ብዙ አሰቡ። የሠጉት ፍየል ይበላብኛል ብለው ነው። አሰቡ፣ አወጡ አወረዱና ከእልፍኙ ግድግዳ አንድ ክንድ ብቻ አርቀው ተከሉት፤ በወዲህ በኩል ግድግዳው፣ በወዲያ በኩል የእሾህ አጥር እንዲጠብቀው ነው። ፍየል ባሕር ዛፍ እንደማትበላ ያወቅነው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እኔ ራሴ አንዲት ፍየል አስርቤ ከሥሩ ባሰርኋት ጊዜ ነው። ቀና ብላ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ገመዷን በላች። እንግዲህ ይህ ሁሉ መከራ የመጣብን ከማትመጣ ፍየል ለመጠበቅ ነው ማለት ነው።

ዛፉ አደገ። እንዴት ያለ ማደግ መሰላችሁ! አባቴ ሲሞቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው በመስኮት ያዩታል። ሊሞቱ ሲሉ የነፍስ አባታችንን አባ ይባቤን አስጠሩ። ሌላው ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ነፍሱ ይነጋገራል፣ ስለ ልጆቹ ይናዘዛል። አባቴ ዛፌን ገዝቱልኝ አሉ። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ምን ይከለከላል? አባ ይባቤም መስቀላቸውን አውጥተው በሠለስቱ ምዕት ሥልጣን ገዘቱ፦ ይህን ዛፍ የቆረጠ፣ ያስቆረጠ፣ ብረት ያሳረፈበት፣ ከዛፉም የሚወጣውን የነካ፣ እንደ አርዮስ ውግዝ ይሁን።

ሥራዬ ነገረ ፈጅነት ነው፤ የሰው ሙግት ይዞ ዳኛ ፊት መቆም። ስለዚህ ማናቸውም ቃል ሲነገር ጆሮዬ መጀመሪያ የሚፈልገው ቀዳዳውን ነው። የዚያን ቀን ግን አባቴ እየሞቱ ነበርና ቀዳዳ መፈለጉን ተውሁት። ከዛፉ የሚወጣው የሚለው ቃል ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። ከዛፍ ምን ይወጣል? ቅጠል ነዋ ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ግድግዳው በስንጥቅ ተናገረ። መጀመሪያ ስንጥቁ ስንደዶ ቢያስገባ ነው። በከረመ ጊዜ ጣት አስገባ። ከዚያ የጎረቤት ዶሮ ገብታ እንቁላል ጣለችበት። ባለቤቴ ትርንጎ እንቁላሉን አንሥታ፣ ይኸው ቤትህ ቆጥ ሆነልህ አለችኝ። የትርንጎ መደብ ደግሞ በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዛፉ ይወዛወዛል፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ሥሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሥሩ ሲንቀሳቀስ ጭቃው ከድንጋዩ መሀል እየፈረፈረ በትርንጎ ፀጉር ላይ ይወርዳል። ትርንጎ የገሳይ ሰው ናት፤ የገሳይ ሰው ብዙ አያወራም። ሰኔ ሳይገባ ከዛፉና ከኔ አንዳችንን ምረጥ፣ ግድግዳ ተጭኖኝ ከምሞት አባቴ ቤት ብገባ ይሻለኛል አለችኝ። ስትናገር እንጨት እየፈለጠች ነበር፤ ቀናም አላለች።

ምክር የሚሰጥ ግን አልጠፋም። በአጥራችን በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ይልና ግድግዳውን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ የፈላ ውኃ አፍስስበት ይላል፤ ሌላው ጨው ቅበርበት ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሲተከል ነበር ማሰብ ይለኛል። ሲተከል እኔ የእናቴ ጀርባ ላይ ነበርሁ። የፈላ ውኃውንም ጨውንም ሞከርሁት። ዛፉ ወፈረ።

ቀጥታ አባ ይባቤ ዘንድ ሄጄ ግዝቱን ይፍቱልኝ አልኋቸው። አባ ይባቤ መልካም ሰው ናቸው። በየወሩ በሚካኤል ቀን ቤታችን መጥተው፣ ከዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ጠላቸውን ይዘው፣ እንዴት ያለ ነፋሻ ቦታ ነው እያሉ የሚያመሰግኑ እሳቸው ናቸው። ጥያቄዬን ሰምተው ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ልጄ፣ ያስገዘተኝ አባትህ ነው፤ እሱ መጥቶ ፍቱልኝ ይበለኝ አሉኝ። አባቴን አብረን ነው የቀበርናቸው፤ የት እንዳሉ ያውቃሉ። የሙግት ሰው ነኝና ይህን ነጥብ አነሣሁ። እሳቸውም በእርጋታ፣ እንግዲያስ ጠብቅ፣ መገናኘታችሁ አይቀርም አሉኝ።

በዚህ መሀል ጣሊያን ገባ። አገር በተያዘበት ሰዓት የኔ ሐሳብ ግድግዳ ላይ መሆኑን ስነግራችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል። ታዘቡኝ። ሰው ላገሩ ያዝናል፣ ይቆጫል፣ ያለቅሳል፤ ጣራው ሊወድቅበት ሲል ግን ከሁሉ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው ጣራውን ነው። ጣሊያን ከተራራው ጫፍ ላይ ምሽጉን ሠራ፣ ሽቦውን ዘረጋ፣ የኛንም ችሎት ዘጋ። ሥልጣኔ ላስተምራችሁ ነው የመጣሁ ይል ነበር፤ እስከዚያው ድረስ ግን በሬያችንን ይበላል። እኔም ሥራ ፈታሁ። ሥራ የፈታ ነገረ ፈጅ ደግሞ አደገኛ ነገር ነው፤ የሚከራከረው ሰው ሲያጣ ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ ከራሱ ጋር ሲከራከር ደግሞ ሁልጊዜ ይረታል።

ነገሩን እንዲህ አየሁት። ግዝቱ የቆረጠ ይላል፤ እኔ አልቆርጥም። ያስቆረጠ ይላል፤ እኔ ማንንም አልቀጥርም፣ ማንንም አልለምንም። ነገር ግን ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳያዘው፣ ሠለስቱ ምዕትን የማይፈራ አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ ቢቆርጠውስ? እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ከተራራው ላይ ነዋ። ያ ሁሉ ሠራዊት የመጣው ማን ጠርቶት ነው? ሳይጠሩት መምጣት ልማዱ የሆነ ሰው እያለ እኔ ለምን እጨነቃለሁ? የሚያስፈልገው ዛፉ መኖሩን ማወቁ ብቻ ነው። ዛፌ ረጅም ነው ማለት ማስቆረጥ ነው? የፈለጋችሁት ዳኛ ፊት አቁሙኝ፤ እረታለሁ።

እንዲህ ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሽጉ ወጣሁ። የሰፈራችንን አለቃ፣ አንድ አጭር ካፒቴን፣ በአስተርጓሚ አነጋገርሁት። ጫማው ከመብረቁ የተነሣ ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴ ደስ አላለኝም። ከብዙ እጅ መንሳት በኋላ፣ እኔ ሰላማዊ ሰው መሆኔን፣ ነገር ግን ቤቴ አጠገብ እጅግ ረጅም ዛፍ መኖሩን፣ ክፉ ሰው ቢወጣበት ካፒቴኑ ለምሳ ምን እንደበላ ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ሊያይ እንደሚችል፣ ይህም እንቅልፍ እንደነሳኝ አስረዳሁ። የዕድሜዬን ሙግት ሁሉ ብደምረው ያን ቀን የተናገርሁትን ያህል አሳምሬ የተናገርሁበት ጊዜ የለም። ካፒቴኑ ዓይኑ በራ።

በማግሥቱ ጧት ወታደር አስከትሎ መጣ። ትርንጎን ዓይኔን ጠቅሼ ተመልከች አልኋት። ወታደሮቹ የያዙት ግን መጥረቢያ አልነበረም፤ መሰላል ነው። ካፒቴኑ ዛፉን ዞረው፣ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ ያን የሚያብለጨልጭ ጫማውን ይዞ ራሱ ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ ሁሉ ሣቅ ሆኖ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። አስተርጓሚው የተናገረውን ሲፈታልኝ እንዲህ ነው፦ ካፒቴኑ እንዳንተ ያለ ታማኝ ሰው በዚህ አገር አላየሁም ይላል። ከዛፉ ላይ ምሽጉም፣ ገበያውም፣ የገሳይ መንገድም ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ እዚህ ላይ ማማ ይሠራና ዘበኛ ይቀመጣል። የዘበኛው አለቃ ደግሞ ከዘበኛው መራቅ የለበትም። ስለዚህ ካፒቴኑ ቤቱን ወዶታል። እስከ ቀትር ልቀቁ።

እስከ ቀትር ለቀቅን። ትርንጎ እንስራዋን፣ ወንፊቷን፣ አገልግሏን እየተሸከመች ከጓሮ ወዳለችው ማድ ቤት አገባች። የማድ ቤቷ ግድግዳ ጭራሮ ነው፤ ቢወድቅም አይገድልም። ሁሉን አግብታ ስትጨርስ ጉልቻው ላይ ተቀመጠችና፣ ይኸው ከግድግዳው አራቅኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ አለችኝ። አባቷ ቤት መሄዱንም ተወችው። የምሸሸው ግድግዳ ከሌለ ለምን እሄዳለሁ አለች። ቢሆንም ለሳምንት ያህል እራቴን ስትሰጠኝ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዛፉ ሁለት ግዝት አለበት፤ አንዱ የሠለስቱ ምዕት፣ አንዱ የሮማ። ካፒቴኑ ዛፉን የነካ ይገረፋል ብሎ አስነገረ። አባቴ ከሞቱበት ቢሰሙ ደስ ባላቸው።

አሁን የሆነውን ስሙ። ካፒቴኑ የብረት አልጋውን አስመጣና የት ዘረጋው? ከዚያው ከስንጥቁ ሥር። ይህን በበሩ በኩል ያየሁ ዕለት ከዚያ በፊት ያልተሰማኝ የአገር ፍቅር ተሰማኝ። አያችሁ፣ ያ ሥር ጠላቴ ነበር። አሁን ጠላቴ ከጠላቴ ራስጌ ገብቶ እየቆፈረለኝ ነው። ካፒቴኑ በየቀኑ ገላውን ይታጠባል፤ ማጠቢያ ውኃውን ከወንዝ የማመጣ እኔ ነኝ፤ እጣቢውን የምደፋም እኔ ነኝ። የት እደፋዋለሁ? ከዛፉ ሥር ነዋ። ትርንጎም የእቃ እጣቢዋን፣ አመዷን ትጨምርበታለች። ነገሩ በሰፈሩ ተሰማና ጎረቤት ሁሉ በሬ ወደ ውኃ ሲነዳ በኛ በኩል እያዞረ ፍግ ያስጥልልን ጀመር። ሌላው ሰው ጫካ ገብቶ ሲዋጋ እኛ ከዛፍ ሥር ፍግ እንጨምራለን። እያንዳንዱ እንዳቅሙ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ አባ ይባቤ ናቸው። ግዝቱን ፍቱልኝ ብዬ ስለምናቸው ያልፈቱት አባ ይባቤ፣ አንድ ቀን የተረፈ ጠበል በቅል ይዘው መጡና ከሥሩ አፈሰሱት። መስቀላቸውንም ወደ መሬቱ አሳይተው፣ አይዞህ፣ ይሠራል አሉኝ። ለሥሩ ይሁን ለኔ አላወቅሁም።

ሥሩ ግን ሠራ። ማማው ከላይ ተጨምሮበት፣ ዘበኛው ተቀምጦበት፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ዛፉ ሲወዛወዝ ማየት ነው። ዘበኛው ምስኪን የቆላ ሰው ኖሮ ከላይ ሆኖ ያስመልሰዋል። በክረምቱ ስንጥቁ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ የሚያስገባ ሆነ። ካፒቴኑም አየው። አስተርጓሚው እንዳለኝ ካፒቴኑ በኛ ግንበኛ ስቋል፤ በሱ አገር ከጌታ ልደት በፊት የተሠራ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሟል ብሎ ነግሮታል። እኔ መልስ ነበረኝ። የሱ አያቶች ከግንባቸው ሥር የአባቴን ባሕር ዛፍ አልተከሉማ። ግን ሥራ የፈታሁ ነገረ ፈጅ ነኝና እጣቢዬን ልደፋ ሄድሁ።

ደስታዬን ያበላሸችብኝ ትርንጎ ናት። አንድ ቀን እጣቢውን ደፍቼ ስመለስ፣ እየፈተለች ሳለ፣ ይኸ ግድግዳ መቼ ይወድቅ ይመስልሃል አለችኝ። ከመስቀል አያልፍም አልሁ፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ትንሽ ፈተለችና፣ ካፒቴኑ ላይ ቢወድቅና ቢሞት የሚሰቀለው ማን ነው፣ ግድግዳው ነው ወይ አለችኝ። ቆየችና ደግሞ፣ ቤቱስ የማን ነው አለች።

ሰዎች ሆይ፣ በሕይወቴ እንዲህ ተረትቼ አላውቅም። የመስቀያው እንጨት ከገበያው መሀል ቆሞ ያየነው ነገር ነው፤ ከዚያ ባነሰ ጥፋት ስንት ሰው ሄዶበታል። የኔን ቤት በኔ እጣቢ ካፒቴኑ ላይ ጥዬ፣ በኔ አንገት ልከፍል ኖሯል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የማጠቢያውን ውኃ አጥር አሻግሬ መንገድ ላይ እደፋ ጀመር። ጎረቤት ፍግ ይዞ ሲመጣ፣ እናንተ ሰዎች ምነው የራሳችሁ ማሳ የለም ወይ እያልሁ እመልሳለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሄጄ፣ ከዚያ ቀደም እንዲወድቅ የለመንሁት ግድግዳ እንዲቆምልኝ ስለት ተሳልሁ። ከላይ ሆኖ የሚሰማኝን ነገሩ ግራ እንዳጋባው አውቃለሁ።

ስለቴ ሰመረ መሰለኝ ካፒቴኑ ግድግዳውን አስደግፋለሁ አለ። ከውጭ በኩል ትልቅ የድንጋይ ድጋፍ በስሚንቶ ሊሠራ ሆነ። ድንጋይ የሚሸከም ሰው ከሰፈሩ ተለቀመ፤ እኔም ተለቀምሁ። ሌላው ሰው አንድ ድንጋይ ይዞ ግማሽ ቀን ሲያዘግም እኔ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ተሸክሜ እሮጣለሁ። ሌሎቹ በክፉ ዓይን ያዩኛል። ይህ ምን ያለ ባንዳ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ለካፒቴኑ አንገት ሳይሆን ለራሴ አንገት እንደምሸከም እንዴት ብዬ ላስረዳ? ካፒቴኑ ደግሞ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኝና ለአስተርጓሚው፣ አላልሁህም፣ እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው የለም ይለዋል።

ድጋፉ ቆመ። ደግ ሥራ ነው፤ የጠላት ቢሆንም አልዋሽም። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቀኑ ገፋ። አርበኛው እየተጠጋ መጣ። ከሩቅ ሆኖ ደብረ ታቦርን ሲያይ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚገባው ምን ይመስላችኋል? የአባቴ ዛፍ፣ ከነማማው። ጥይቱ ሁሉ ወደዚያ ሆነ። ያ የቆላ ዘበኛ መገረፍ ይሻለኛል ብሎ አልወጣም አለ፤ ቀጥሎ የታዘዘውም አልወጣም አለ። ካፒቴኑ ተቆጣ። በማን ይቆጣ? በዛፉ። ቁረጡት አለ።

ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳያዘው፣ በገዛ ፈቃዱ። ያን የመጥረቢያ ድምፅ ከማድ ቤቱ በር ተቀምጬ ስሰማ ፊቴን ለሐዘን ጥዬ ነበር፤ ውስጤ ግን እስክስታ ይመታል። ዛፉ ወደ ሜዳው ወደቀ። ግድግዳውን ሳይነካ ነው የወደቀው። አንድም ብረት ከኔ እጅ አልወጣ፣ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣ። አባ ይባቤ ሰምተው እየሮጡ መጡና፣ እጅህ አለበት አሉኝ። የለበትም አልሁ። እሳቸውም ወደ ጉቶው ሄደው በላዩ ተቀመጡ፤ ጥላው ስለሌለ ግን ፀሐዩ መታቸውና ብዙም ሳይቆዩ ተነሡ።

ጥቂት ቆይቶ ጣሊያን እጁን ሰጠ። ካፒቴኑ ከሰዎቹ ጋር ሲሄድ በደጃፋችን አለፈና እጁን አነሣልኝ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ምን ላድርግ? ቤቴን ተረከብሁ። ዛፍ የለ፣ ግዝት አልፈረሰ፣ ግድግዳዬ በሮማ ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ከኔ የበለጠ ይህን ጦርነት ያሸነፈ ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር። በግ አረድሁ። ጎረቤቱ በላ፣ ጠጣ፣ ባንዳ ያሉኝም መጥተው ጎረሱ። ትርንጎ ግን መደቧ ላይ አልወጣም አለች። ይህ ግድግዳ አንድ ክረምት ሲያሳልፍ ሳላይ ከማድ ቤቴ አልወጣም ብላ ቁርጥ አደረገች። ሴት ደስታ አይገባትም ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ እኔም ከማድ ቤት አደርሁ፤ ብቻዬን ማደሩን አልወደድሁትም።

የሚቀጥለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ባሕር ዛፍ የሌለው ግቢ የለምና ትንሽ ልጅ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። እኛ ግን ያኔ አናውቅም። በምን እናውቃለን? አንድ ዛፍ ነው የነበረን፤ እሱም ቆርጦ ለማየት የተገዘተ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ እንደማይሞት ማን ይንገረን? ከጉቶው ዙሪያ መጀመሪያ ቀይ ቀይ ቡቃያ ወጣ። ትርንጎ ናት ያየችው። አበባ ነው አልኋት። አበባው ቁመቱ ጉልበቴ ደረሰ፣ ደረቴ ደረሰ፣ ከኔ በለጠ። አንዱን ዛፍ ካፒቴኑ ወሰደልኝና በቦታው አንድ ቤተሰብ ሙሉ ተተካ።

በዚህ ጊዜ ማጭድ ይዤ ብድግ አልሁ። አንዱን ቡቃያ በግራ እጄ ጨበጥሁት። የአባቴ ቃል ያኔ መጣብኝ፤ ከዛፉም የሚወጣውን የነካ። ለካ ቅጠል አልነበረም። ሸዋ ሳሉ ሲቆረጥ አይተው ኖሯል። አንድ ነገረ ፈጅ ልጅ አሳድገው፣ ቀዳዳውን አስቀድመው ደፍነውበት ሞቱ። ማጭዱን መልሼ ሰቀልሁት።

አዲሶቹ ዛፎች ደግሞ የድሮው ሥር አላቸው፤ የካፒቴኑን ገላ እጣቢ፣ የሰፈሩን ፍግ፣ የአባ ይባቤን ጠበል ጠጥቶ የወፈረ ሥር። በተከታዩ ክረምት፣ አንድ ቀን በቀትር፣ እኔና ትርንጎ ማድ ቤት ሆነን ምሳ ስንበላ፣ ቤቱ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ጣራው ተከተለው። አቧራው ሲጠራ ትርንጎ እጇን ከእንጀራው ሳታነሣ የመደቧን ቦታ አየች። መደቡ አልነበረም። እኔ ደግሞ ያየሁት ድጋፉን ነው። ያ በሁለት በሁለት ድንጋይ እየተሸከምሁ የሠራሁት ድጋፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚደግፈው ነገር ግን የለም።

አባ ይባቤ ሊያጽናኑኝ መጡ። በቡቃያዎቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ጥላው ደርሶላቸው ነበር። የአባቴ ቤት እንዲህ ይሁን ወይ ብዬ አለቀስሁ፤ እውነቴን ነው፣ አለቀስሁ። አባ ይባቤም፣ አባትህ ዛፉን እንጂ ቤቱን አላስገዘተኝም አሉኝ።

አዲስ ቤት ከግቢው ማዶ ጀመርሁ። የቤት ማገር የሚሆን ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት በደጄ በቅሎ ሲታየኝ፣ እኔ ግን ከገሳይ፣ ከትርንጎ አባት ዘንድ፣ እንጨት በጀርባዬ ተሸክሜ እመጣ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ፣ ምነው ከደጅህ ያለውን አትቆርጥም ይለኛል። እያንዳንዱን ላስረዳ ብል ቤቱ አያልቅም።

መሠረቱ ሲቆፈር ግን አንድ ነገር አሰብሁ። አባ ይባቤን አስጠርቼ፣ እንግዲህ አንድ ግዝት ደግሞ ለኔ ይገዝቱልኝ፤ ሥሩ ወደዚህ ቤት እንዳይመጣ ይገዝቱልኝ አልኋቸው። አባ ይባቤ መስቀላቸውን እንኳ አላወጡም። ልጄ፣ ግዝት የሚይዘው የሚፈራውን ነው፤ ሥር እንደ ካፒቴኑ ነው፣ ሳይጠሩት መጥቶ ይገባል አሉኝ።

ትርንጎ ጭቃ እየረገጠች ነበር። ቀናም ሳትል፣ ካፒቴኑማ ተጠርቶ ነው የመጣ አለች።